የአባቴን ግጥም ስቀበል

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በወንድሟ ሠርግ ላይ ዘፈነች፤ ይኸው ነው። ከአባቴና ከእኔ በቀር የተጣላም የለም። ሆኖም ስለ ሙዚቃና ስለ ራሴ ጻፊ ብባል ሌላ የማውቀው ታሪክ ስለሌለኝ፣ በተቻለኝ መጠን አስተካክዬ ልጻፈው።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ጋፋት አጠገብ ነው። አባቴ ገበሬ ናቸው፤ በአካባቢው የሚታወቁት ግን በግጥማቸው ነው። እኛ ዘንድ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሠርግ ሲመጣ፣ ከተጋባዡ መሀል ግጥም የሚችል ሰው «ተቀበል!» ይለውና ሁለት ስንኝ ይሰጠዋል። አዝማሪው ያንኑ ቃል በዜማ ያደርሰዋል። ሰጪው የተናገረውን መለወጥ ነውር ነው። አባቴ የታወቁ ሰጪ ናቸው። በሬ ጠምደው ሲያርሱ ከንፈራቸው የሚንቀሳቀሰው ለሚመጣው ሠርግ ስንኝ እያዘጋጁ ነው።

እኔም መዝፈን የጀመርሁት እሳቸውን በመስማት ነው። ምሳ ላደርስላቸው ስሄድ ስንኙን እሰማና፣ ስመለስ መንገዱን ሁሉ በራሴ ዜማ እለው ነበር። ቆይቼ ቃሉንም ራሴ መፍጠር ጀመርሁ፤ ስለ ጎረቤት ዶሮ፣ ስለ ሒሳብ ፈተና፣ ስለ ክረምቱ ጭቃ። ስናገር ቃል የሚያጥረኝ ልጅ ነበርሁ። በዜማ ሲሆን ግን የሆዴ ሁሉ ይወጣልኝ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ስገባ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ በድምፅ ማጉያ የራሴን ዘፈን ዘፈንሁ።

አባቴ ይህን ሲሰሙ አልወደዱትም።

«እኔ ብሰጥ የጨዋ ወግ ነው» አሉኝ። «መዝፈን ግን የአዝማሪ ሥራ ነው። ልጄን ለዚያ አላስተማርሁም።»

«ግጥሙ እኮ የራሴ ነው፣ አባባ። ማንም አልሰጠኝም።»

«ይባስ! ራስሽ ሰጥተሽ ራስሽ ልትቀበይ? ይህስ ታይቶም አይታወቅ!»

እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። እዚያው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በአዲስ ተማሪዎች አቀባበል ላይ ስዘፍን ደግሞ አንድ ሰው በስልክ ቀርጾ አሳያቸው። በዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሜ ሊያገባ ነበርና በሠርጉ ላይ እንድዘፍንለት ለምኖኝ ነበር። አባቴ ቁርጡን ነገሩኝ፦ «አንች ከዘፈንሽ እኔ ዳሱን ጥዬ እወጣለሁ።»

እኔ ደግሞ ሁለቱንም ፈለግሁ። ለወንድሜ መዝፈን፣ አባቴም ተቀምጠው እንዲሰሙኝ።

ጭንቀቴን ለአክስቴ አዋየኋት። የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ከአረብ አገር ተመልሳ ከተማ ውስጥ ጸጉር ቤት ከፍታለች።

«እኔ በሰው አገር ድምፄን ውጬ ኖርሁ» አለችኝ። «አንች በገዛ ወንድምሽ ሠርግ ልትውጭው ነው?»

«አባባ ይወጣሉ እኮ።»

«ይውጡ! የት ይደርሳሉ? ምግቡ ሁሉ ያለው ዳሱ ውስጥ ነው።»

የሠርጉ ዕለት ከአንበሳሜ የመጣ አዝማሪ ነበር። አባቴ እየደጋገሙ ሰጡት፤ ዳሱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ወንድሜ ስሜን ጠራ። ተነሣሁ። አዝማሪው ጠጋ ብሎ፣ «እታለም፣ በምን ልያዝልሽ?» አለኝ።

«በባቲ ቅኝት» አልሁት፤ ጀመርሁም።

ወንድሜ ሲዘፍን፣ በሬው ይደነብራል፣
ሙሽሪት አጠገብ፣ ዝም ሲል ግን ያምራል።

ዳሱ ተንጫጫ። ሙሽራዋ በሻሿ አፏን ሸፈነች። እኔ ግን ዓይኔ አባቴ የተቀመጡበት ላይ ነበር፤ ቦታው ባዶ ነው። እንዳሉት ወጥተዋል። ዘፈኑን ለማቋረጥ አፈርሁ፤ ድምፄ እየቀጠነ ቀጠልሁ።

«ተቀበይ!»

ድምፁ የመጣው ከዳሱ በር ነው። አባቴ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። የጨዋ ሰው ልጅ «ተቀበይ» ስትባል ከዚያ በፊት የሰማ አልነበረም። እሳቸውም ሰጡኝ፦

ለትምህርት ብልካት፣ ዘፋኝ ሆና ወጣች፣
ድምጿስ ከኔው ቤት ነው፣ ከማን ትወርሳለች?

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ችግሩ ስንኙ ቤት አለመምታቱ ነበር። በንዴት ደጅ ቆመው የገጠሙት ይመስለኛል። እኔም አስቤው አይደለም፤ አፌ በራሱ አስተካክሎ ተቀበለው፦

ለትምህርት ብልካት፣ ዘፋኝ ሆና ወጣች፣
ድምጿስ ከኔው ቤት ነው፣ ከሌላ አላመጣች።

ማሲንቆው ቆመ።

«ያልሁትን በይ እንጂ!» ብለው ጮኹ አባቴ። «ማን አርሚ አለሽ?»

«ቤት አልመታማ፣ አባባ።»

«ይህን ሁሉ ሠርግ የሰጠሁ ሰው ዛሬ ከልጄ ልማር?»

አዝማሪው ጎንበስ ብሎ፣ «ጌታው፣ እኔም ሳይመታ ስንት ጊዜ ተቀብየዎታለሁ፤ ደፍሬ አልነገርሁዎትም እንጂ» አላቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳቅ መግለጽ አልችልም። አክስቴ እልል አለች። አባቴ በትራቸውን እየወዘወዙ ገቡና ቦታቸው ላይ ተቀመጡ፤ ዘፈኔንም እስከ መጨረሻው ሰሙ። ስንለያይ ግን ኮስተር ብለው፣ «ለወንድምሽ ብዬ ነው፤ የዛሬ ብቻ ነው» አሉኝ።

ስለዚህ ነገሩ አላለቀም። ቅዳሜ ቤት በሄድሁ ቁጥር ግጥማቸው ቤት እንደሚመታ ሊያስረዱኝ ይሞክራሉ፤ እኔም አልረታም። እናቴ ወጥ እያማሰለች፣ «አንድ አዝማሪ ፈርተው ሁለት አመጡብኝ» ትላቸዋለች።

አንድ ቀን ለምሳ ካፌ ተሰልፌ ሳለሁ ስልኬ ጠራ።

«አለሽ?»

«አለሁ፣ አባባ።»

«ለእሑድ ገሳይ ከተማ ሠርግ ተጠርቻለሁ። አንድ ስንኝ ይዣለሁ፤ ስሚና ቤት ይመታ እንደሆነ ንገሪኝ።»

ሰማሁ። አሳምሮ ይመታል፤ ይህንኑ ነገርኋቸው።

«እንግዲያው ነይና ራስሽ ተቀበይው። ልጄ ትመጣለች ብያቸዋለሁ። መጀመሪያ የኔን ትያለሽ፣ ከዚያ የራስሽን ትዘፍኛለሽ።» ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ጨመሩ፦ «የኔን ግን እንዳትነኪ!»

በአባቴና በእኔ መካከል የነበረው ክርክር ያበቃው በዚያ ስልክ ነው፤ ዕለቱም የካቲት 16 ቀን ነበር።