ባለ ባርኔጣው ምን ፍለጋ ሄደ?

አወቀ በአዘዞ የሚኒባስ መቆሚያ ተራ አስከባሪ ነው። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው። «ኮላ ድባ፣ ኮላ ድባ» ብሎ ሲጣራ ከአስፋልቱ ማዶ ያለ ሰው ዞሮ ያያል። እሱ ግን ያ ድምፅ መኪና እንዲሞላበት ተሰጠኝ ብሎ አምኖ አያውቅም። በወጣትነቱ እዚያው አዘዞ፣ ከአንድ ቪዲዮ ቤት፣ ፊልም ተርጓሚ ነበር።

ያኔ ቪዲዮ ቤት ማለት አንድ የጭቃ ቤት፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ስምንት አግዳሚ ማለት ነው። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ይወራል፤ ከተመልካቹ እንግሊዝኛ የሚሰማ የለም። ስለዚህ አወቀ ቀጭን ዘንግ ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆምና የሁሉንም ተዋናይ ቃል በአማርኛ ይናገራል፤ የሴቷን በሴት ድምፅ፣ የሽማግሌውን በሽማግሌ። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። ከእንግሊዝኛው የሚገባው ና፣ ሂድ፣ እሺና እምቢ ነበር። የቀረውን ከተዋናዮቹ ፊት ላይ ያነበዋል።

ሰው አብዝቶ የሚወደው አንድ ጥቁርና ነጭ የጫካ ፊልም ነበረ። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ተሸካሚዎች አስከትሎ ጫካ ይገባል፤ አዞ አለ፣ ዝሆን አለ፣ ወንዝ ውስጥ የምትወድቅ ሴት አለች። ቅዳሜ ለገበያ የመጣ የደምቢያ ገበሬ ሁሉ እሱን ሳያይ አይመለስም። በአወቀ አነጋገር ባለ ባርኔጣው ጫካ የገባው፣ እዚያ የሞተ ወንድሙን አጥንት አውጥቶ ካገሩ ቤተ ክርስቲያን ሊያሳርፍ ነው። ትልልቅ ሰዎች በጋቢያቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር። አንድ ቀን ከሦስተኛው አግዳሚ የነበረች ልጅ ከበር ላይ ጠብቃ፣ «አጥንቱ ካገሩ ደረሰ?» ብላ ጠየቀችው። ፊልሙ ያንን አያሳይም። «ደርሷል፤ ተዝካሩም ወጥቷል» አላት። ያች ልጅ የትነበርሽ ናት፤ ዛሬ ሚስቱ።

ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ ብዙ ዓመት ሆነው። ባለፈው የካቲት ልጃቸው ምስጢር ስልኳን ይዛ ገባችና፣ «አባዬ፣ ያንተ ፊልም ዩቲዩብ ላይ ወጥቷል» አለችው። የአወቀ ፊት በራ። ስልኩን ከግድግዳ አስደግፈው ሦስቱም ተቀመጡ፤ የትነበርሽ ምስር ትለቅማለች።

የሚናገረው ግን ሌላ ሰው ነበር። ዕንባቆም ይባላል፤ እዚያው አዘዞ የሚኖር የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት፣ የደብሩ መሪጌታ ልጅ፣ መጀመሪያ ቅኔ ኋላም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንግሊዝኛ የተማረ። ድምፁ ዝቅ ያለና ጥርት ያለ ነው። ፊልሙ ገና ሲጀምር ባለ ባርኔጣው በዕንባቆም አንደበት፣ «የዝሆን ጥርስ የሞላበትን ሸለቆ ካገኘን ሀብታሞች ነን» አለ።

የየትነበርሽ እጅ ከሰፌዱ ላይ ቆመ።

«የዝሆን ጥርስ?» አለች።

«ልጁ ተሳስቷል» አለ አወቀ።

ልጁ ግን አልተሳሳተም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ፣ ካርታው፣ ጠቡ፣ የዝሆኖቹ መገደል፣ ከዝሆን ጥርሱ ጋር ግጥም ይል ነበር። የትነበርሽ ዓይኗን ሳትነቅል እስከ መጨረሻው አየችና፣ «ሸጋ አድርጎ ነው የሚናገረው። ዛሬ ገና ገባኝ» አለች።

ክፋት አስባ አልነበረም። አወቀን ግን ያች «ዛሬ ገና» ልቡን ወጋችው።

ምስጢር ደግሞ ከሥር ተመልካቾች የጻፉትን ታነብለት ጀመር። አንዱ፣ «አዞው ጎማ መሆኑ ያስታውቃል፤ እኔ ግን ዛሬም እፈራዋለሁ» ይላል። አንዷ፣ «ተሸካሚዎቹ ስም እንኳ የላቸውም፤ ሲሞቱ ዞሮ የሚያያቸው የለም። ልጅ ሆኜ ይኼን ልብ አላልኩትም» ትላለች። ሌላው ለዝሆኖቹ አዝኗል። አብዛኛው ግን ዕንባቆምን ያመሰግናል። ከሁሉም በላይ የተወደደው አስተያየት እንዲህ የሚል ነበር፤ «አዘዞ አንድ ተርጓሚ ነበር፣ ስሙን ረሳሁት። የወንድም አጥንት ፍለጋ ነው ብሎ ስንታችንን አስለቀሰን። ለካ አንድም አጥንት የለም።» ሁለት መቶ ሰው ስቆበታል።

«ስሙን ረሳሁት ነው ያለው?» አለ አወቀ።

«አዎ።»

ውሸታም ከመባሉ ይልቅ ይኼኛው ከነከነው።

ከዚያ ቀን ወዲያ የዕንባቆም ድምፅ ከሄደበት ሁሉ የሚጠብቀው መሰለው። ሹፌሮች ምሳ ሲበሉ ይከፍቱታል። ጎረቤት በአጥር ይሰማል። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ የትነበርሽ ብቻዋን ሆና፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ያንኑ ፊልም እንደገና ስታዳምጥ አገኛት። ያውም ፈገግ ብላ። አወቀ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም በማይቀረው ትዳሩ ውስጥ በሌላ ወንድ ተጠራጥሯት አያውቅም፤ ያን ቀን ግን በአንድ ድምፅ ቀና።

በማግስቱ ምስጢር ጠጉሯን ልትታጠብ ወጣ ስትል ስልኳን አነሳና በአንድ ጣቱ እየለቀመ ጻፈ፤ «ይህ ልጅ ቋንቋ እንጂ ፊልም አያውቅም። ድምፁ የሙት ዓመት ጸሎት ይመስላል። አባቱ ዜማ አስተማሪ ናቸው ቢባል ማን ያምናል።» ላከው። ልቡ ቀለል አለው፤ ራቱንም አጣጥሞ በላ።

ጽሑፉ የወጣው ግን በምስጢር ስምና ፎቶ ነው። እስከ ማታ ስልሳ ሰው መለሰላት፤ ምቀኛ ያላት አለ፣ አሳዳጊ የበደላት ያላት አለ። ምስጢር የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ናት፤ የምታገለግለውም መሪጌታው ከሚያስተምሩበት ደብር ነው። ቅዳሜ ከመዝሙር ጥናት ስትመለስ ዓይኗ አብጧል።

«አባዬ፣ ስልኬን ነክተህ ነበር?»

አወቀ ሊክድ አሰበ። የትነበርሽን አየና ተወው።

«ነክቻለሁ።»

«ዕንባቆምን ንቀፍ፣ እሺ። መሪጌታን ምነው አነሳሃቸው? ዛሬ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።»

 የትነበርሽ ረጋ ብላ፣ «ቀናህበት» አለችው።

«ሥራዬን ወሰደብኝ።»

«የትኛውን ሥራህን? እሱ ያለውን ነው የተናገረ። አንተ የሌለውን ነው የተናገርክ።»

አወቀ ጋቢውን ደርቦ ወጣና አጥሩን ተደግፎ ብዙ ቆመ። እሑድ ቅዳሴ እንዳበቃ ከዕንባቆም ቤት ሄደ።

ዕንባቆም ከደብሩ አጠገብ አንዲት ክፍል አለችው፤ ግድግዳውን ድምፅ እንዳያስተጋባ በብርድ ልብስ ሸፍኖታል። ሽማግሌው ሲገባ ብድግ አለ።

«አያ አወቀ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ ልናገር። ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጄ አታውቅም።»

«ገምቼ ነበር» አለ ዕንባቆም። «ምስጢር አባቴን በክፉ አታነሳም። ደግሞ እንዲያ የሚናደድ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።»

«አባትህ አነበቡት?»

«አላነበቡትም፤ እኔም አልነግራቸውም። እርስዎ ግን ያጥፉት፤ እሷ ሆና እንዳልጻፈችም ይግለጹ።»

«አደርገዋለሁ።»

ዕንባቆም ወንበሩን ሳበለት። ተቀመጠ። ወጣቱም፣ «አጥንቱን ግን ከየት አመጡት?» አለው።

«ከሰውዬው ፊት» አለ አወቀ። «ወንዙ ዳር ብቻውን ተቀምጦ እሳቱን የሚያይበት ቦታ አለ። ለዝሆን ጥርስ የሄደ ሰው እንዲያ አያዝንም።»

ዕንባቆም ኮምፒውተሩን ከፈተና ያንን ቦታ አወጣው። ድምፁን አጥፍቶ ሁለት ጊዜ አየው።

«እውነትም ያዝናል» አለ። «እኔ ቃሉን እየተከተልኩ ፊቱን አላየሁትም።» ከዚያም፣ «ያኔ እንደሚናገሩት አድርገው ይናገሩት፤ ለብቻው ይውጣ» አለው።

«ሊስቁብኝ?»

«አንዳንዱ ይስቃል» አለ ዕንባቆም ሳይሸፋፍን።

አወቀ ጽሑፉን አጥፍቶ፣ የጻፈውም እሱ መሆኑን በምስጢር ስልክ ገልጾ፣ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ማይክራፎን ፊት መቀመጥ አልሆነለትም፤ ቆሞ፣ ዘንግ ቢያጣ መጥረጊያ ይዞ፣ ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር ተናገረው። ሲጨርስ ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር።

አስተያየቱ መጣ። «ጆሮዬን አደነቆረው» አለ አንዱ። «እንግሊዝኛ የማይሰማ ሰው ምን ቤት ነው» አለ ሌላው። «የሽማግሌው ውሸት ይጣፍጣል» ያሉም ነበሩ። ከአምባ ጊዮርጊስ አንዲት ሴት፣ «እናቴ ዓይኗ ከጠፋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከጎኔ ሆና ስታዳምጥ ቆይታ ፊልሙን አየሁት አለችኝ» ብላ ጻፈች። አወቀ ይኼኛውን ምስጢርን ሁለቴ አስነበባት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«የኔን ስንት ሰው አየው?» አለ።

«ሁለት ሺህ ሦስት መቶ።»

«የልጁንስ?»

ምስጢር እናቷን አየቻት። «አርባ ሁለት ሺህ።»

አወቀ ሌላ አልጠየቀም። ራቱን ግን ሳይጨርስ ተነሳ።

ባለፈው ሳምንት ዕንባቆም ኮላ ድባ ሊሄድ ከመቆሚያው መጣ። ገና ከመድረሱ ሁለት ልጃገረዶች አውቀውት አብረንህ ፎቶ እንነሳ አሉት። ሹፌሩም ወርዶ ጨበጠው። ተራ አስከባሪውን ከቁም ነገር የቆጠረው የለም። አወቀ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ «ኮላ ድባ» ብሎ ተጣራ፤ መኪናው እኮ ከዕንባቆም ቦታ በቀር ሞልቷል።

ሲዞር ዕንባቆም ከኋላ ወንበር ለመግባት ጎንበስ ሲል አየው። አወቀ ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ ጋቢና የተቀመጠውን ጎረምሳ፣ «አንተ ወደ ኋላ እለፍ» አለና ዕንባቆምን አስገባው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ አወቀ» አለ ዕንባቆም በመስኮቱ። «ሌላ አሮጌ ፊልም አግኝቻለሁ፤ የበረሃ ነው። እርስዎም በመንገድዎ፣ እኔም በመንገዴ እንናገረው?»

«መጀመሪያ የማን ይወጣል?»

«እንደፈለጉ።»

«የኔ ይቅደም» አለ አወቀ፤ በሩንም ገፋ አድርጎ ዘጋው።