በኪዳን ስም የሚከፈተው ማሽን

የስቴንስል ወረቀት ማረሚያው ፈሳሽ ሽታ ከጥፍር ቀለም ሽታ ጋር ይመሳሰል ነበር። ማናዬ ከሳንጃ መጥታ መተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በተቀጠረች ሰሞን፣ ፊደል በተሳሳተች ቁጥር ብልቃጡን ትከፍትና በብሩሹ ጫፍ ቀብታ እስኪደርቅ እፍ ትልበት ነበር። ከዚያ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ከማባዣው፣ ቀለም ቀለም እየሸተተ፣ ይወጣል። ማባዣውን የሚያሽከረክረው ኪዳን ነበር። እሷ ትጽፋለች፣ እሱ ያባዛል፤ ጠረጴዛቸውም ፊት ለፊት ነበር።

ማባዣው ቀርቶ ኮምፒውተር ሲመጣም ቦታቸው አልተለወጠም። የገጽ ማሰናጃውን ፕሮግራም ከጎንደር በፍላሽ ይዞ የመጣው ኪዳን ነው። ሊጭነው ሲል ማሽኑ፣ ለሁሉም ተጠቃሚ ነው ወይስ ለአንተ ብቻ ብሎ ጠየቀው። ለሁሉም ቢል ዋናውን ፓስወርድ አምጣ አለው፤ ፓስወርዱን የሚያውቀው ባለሙያ ደግሞ ወደ አብደራፊ ተዛውሮ ስልኩም አይነሣም። ኪዳንም ለራሱ ብቻ ጫነው። ማናዬ በራሷ ስም ስትገባ ፕሮግራሙም የለም፣ ያማሩት ፊደላትም የሉም፤ በኪዳን ስም ስትገባ ሁሉም አለ። ከዚያ ወዲያ የቢሮው ሰው በሙሉ በኪዳን ስም እየገባ ይሠራ ጀመር።

«ዛሬም እኔ ቤት ልትውይ መጣሽ?» ይላታል ጠዋት ጠዋት።

«ምን ላርግ፣ ለብቻህ ሠርተኸው።»

«ተከራይ መሆንሽን እንዳትረሺ ብዬ ነው።»

«እሱስ አከራዩም የሚቀመጥበት ወንበር እግር የለው።»

አምና ኪዳን ለሰሊጥ አረም ፈቃድ ወስዶ ወደ እርሻው ወረደ። ትኩሳት ይዞት ተመለሰ፤ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ሲወስዱት መንገድ ላይ ዐረፈ። ልቅሶው ላይ ሚስቱ አለቀሰች፣ እኅቶቹ አለቀሱ። ማናዬ ከጎረቤቶች ጋር ከድንኳኑ ዳር ተቀመጠችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኅት አይደለች፣ ሚስት አይደለች፤ የሚያጽናናትም አልነበረም። እንባም አልመጣላት። ጠዋት ማሽኑን ስትከፍት ኪዳን የሚለው ስም ስክሪኑ መሐል ይወጣል፤ ትንሽ ታየዋለች፤ ትገባለች። ሌላ ሐዘን አልነበራትም። ያ ስም ከዚያ እንዳይነሣባት ብቻ ትፈልግ ነበር።

ዘንድሮ አዲሱ ኃላፊ አቶ አለነ ይህን ሰሙ። «ወይዘሮ ማናዬ፣ በሞተ ሰው ስም የመንግሥት ሥራ አይሠራም» አሉ፤ ከዞን ባለሙያም አስጠሩ። የመጣው ዑበይዳ የሚባል ጨዋ ወጣት ነው። ላቡን እየጠረገ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ።

«እትዬ፣ አጥፋ የተባልኩት ስም ይኼ ነው?»

«እሱን እንዳትነካ። ፕሮግራሙ በሱ ስም ነው የተጫነው። እሱ ከጠፋ ፕሮግራሙም ይጠፋል፤ ፈተናውም አይሰናዳም። ለአቶ አለነ እንዲህ ብለህ ንገር።»

ይህን ቃል ሳምንቱን ሙሉ ስታዘጋጅ ነው የሰነበተችው።

«እውነትዎን ነው» አለ ዑበይዳ። «ግን መላ አለው። ዋናው ፓስወርድ እኔ ጋ ነው። ለሁሉም እጭነዋለሁ፤ ሁሉም በየስሙ ይገባል፣ እርስዎም በራስዎ።»



ሲጭን ቆየ። ፊደላቱን ለሁሉም አደረገ፤ ፈተናዎቹንም ወደ ጋራ ማኅደር አሻገረ። ውጭ ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች ይንጫጫሉ። ሲጨርስ ወንበሩን ለቀቀላት። በራሷ ስም ገብታ ፈተናውን ከፈተች። መስመሩ፣ ኅዳጉ፣ ፊደሉ፣ ሁሉም እንደነበረ ነው። አንድ ነገር እንኳ ቢዛነፍ ምናለበት ብላ እስከ መጨረሻው ገጽ አየች። አልተዛነፈም።

«ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው።»

ዑበይዳ ጎንበስ ብሎ የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር ከፈተና የማውሱን ቀስት ወደ ኪዳን ስም ወሰደ። «ሰውየው ተዛውረው ነው?»

«ሞቷል። እዚያ ነበር የሚቀመጠው።» ባዶውን ጠረጴዛ በአገጯ አሳየችው።

እጁ ቆመ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልደብቀው እችላለሁ እኮ። አቶ አለነ አያዩትም። እርስዎ ሲፈልጉ ብቻ ያወጡታል።»

ማናዬ ስሙን አየችው። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር እስኪነቃነቅ ጠበቀች፤ ምንም የለም። ከእንግዲህ ሥራ ብላ የምትገባበት ምክንያት የለም፤ ያለ ሥራ ደግሞ ልታየው የምትመጣ እሷ ማን ናት?

«ማንም ካልገባበት ምን ያደርጋል» አለች። ማውሱን ከእጁ ወስዳ ራሷ ተጫነችው። ማሽኑ ያለው ሁሉ አብሮ ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቃት። ይጥፋ አለችው።

ከዚያ ወደ ፈተናው ተመለሰች። ሦስተኛው ጥያቄ ከትናንት ጀምሮ ከገጹ ግርጌ እንደተቆረጠ ነበርና ወደሚቀጥለው ገጽ ትገፋው ጀመር። ዑበይዳ ሽቦውን ጠቀለለ፤ ቦርሳውን አንገቱ ላይ አደረገ። በሩ ጋ ደርሶ ዞር አለ፤ ጀርባዋን አየ፤ ደህና ይዋሉ ሳይል ወጣ።