የዓሣ ዱቄቱና የሽማግሌው መዳፍ

ያሳሰረኝ አፌ ነው። ወታደሮቹ የሠሩት አፌ የጀመረውን መጨረስ ብቻ ነበር።

ከሽንፋ ወንዝ ወደ መተማ ስመለስ ሚኒባሳችን ኬላው ላይ ቆመ። ፈታሹ ከቦርሳዬ ክዳኑ የጠበቀ ብልቃጥ አወጣ። ውስጡ ቢጫ ዱቄት አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ከዓሣ ቆዳና ራስ የተሠራ ዱቄት ነው።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ቤቴ እገባ ነበር። እኔ ግን ጨመርኩበት። «እርጅና ይከላከላል ይባላል። በመንግሥት ላይ ግን ገና አልሞከርነውም።»

ሚኒባሱ ውስጥ የሳቀ ሰው የለም። ሾፌሩ እንኳ መስተዋቱን ወደ ሌላ አዞረ። ያ ጊዜ ሰው ባሳለው ሳል የሚጠረጠርበት ጊዜ ነበር።

ወታደሮቹ ከተሳፋሪው ለይተው ያስገቡኝ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ፤ ሰሊጡ ከወጣ ወራት ቢያልፈውም ሽታው አልወጣም። የመተማ ሙቀት እንቁላል ይጠብሳል ሲሉ ሰምቼ ነበር። በዚያ መጋዘን ውስጥ ግን ዶሮዋም ከነላባዋ ትጠበሳለች። እሺ፣ ላባዋ ይተርፍ ይሆናል።

በሩ አጠገብ ትንሽ ነፋስ የሚገባበት ክፍተት ነበር። እዚያ የተቀመጠው ጎጃሜ ሳሉግ፣ ከአጨዳው በኋላ ወደ አገሩ ሳይመለስ የቀረ የቀን ሠራተኛ፣ ላቤን አይቶ ተነሣና «ና እዚህ ተቀመጥ፣ አንተ የጥላ ሰው ትመስላለህ» አለኝ። ራሱ ሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ የቀሩትን የሰሊጥ ፍሬዎች በምራቁ ባራሰው ጣቱ እየለቀመ መብላቱን ቀጠለ። ያን ቦታ የሰጠኝን ሰው እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ጥግ ላይ፣ ጆንያ አንጥፈው፣ በትራክተር የሚያርሱ የአብርሃ ጅራ ገበሬ፣ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ወንጀላቸው ለታጠቁ ሰዎች ውኃ ማጠጣት ነው። ውኃ የጠየቀን ሰው መጀመሪያ «የማን ወገን ነህ?» ብሎ መጠየቅ አያውቁበትም።

«አንተስ በምን መጣህ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«በዓሣ ቆዳ፣ አባቴ።»

ከወገባቸው ቀና አሉ። አስረዳኋቸው። ሁዳዴ ስለሆነ ወንዙ ዳር ዓሣ በብዛት ይሸጣል። ሥጋው ይሸጥና ቆዳው፣ ራሱ፣ አጥንቱ አሸዋው ላይ ይጣላል። እኔ ኮሌጅ ውስጥ የምግብ ሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ያንን የተጣለውን ነው የምለቅመው።

«እንደ ጥንብ አንሳ» አለ ሳሉጉ።

«እንደ ጥንብ አንሳ። ግን ደመወዝተኛ ጥንብ አንሳ።»

«ዓሣው ቅርፊት ያለው ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ቆሮሶ ነው፣ አባቴ። ቅርፊት የሌለውን አምባዛ አላስገባሁበትም።»

«ደግ። እና ምን ይሠራል?»

ቆዳው ውስጥ ያለው ፕሮቲን እንደ ረጅም ሰንሰለት መሆኑን ነገርኳቸው። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ኢንዛይም ሲጨመርበት ይበጣጠሳል። አጫጭሮቹን ቁርጥራጮች ፔፕታይድ እንላቸዋለን።

«የትራክተርዎ ማረሻ ለምንድን ነው የሚዝገው?»

«አየርና እርጥበት ይበላዋላ!»

«ዘይትም ሲቆይ የሚከረፋው አየር ሲበላው ነው። ይህቺ ቁርጥራጭ ትቀድምና ራሷን ታስበላለች፤ ዘይቱ ይተርፋል። ዘይት ላይ አይተነዋል። ሰው ላይ ግን ገና ነን።»

ይህቺን የመጨረሻዋን እውነት ኬላው ላይ ብናገራት ምን ነበረበት!

ሽማግሌው ጺማቸውን ዳሰሱ። «እንግዲያ አሳላፊ ናት በለኛ» አሉ። «ቀድማ የምትቀምስ።»

ጠላ የሚያሳልፍ ሰው ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ የሚቀምሰውን ማለታቸው ነው። ስንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ምሳሌ አልመጣልኝም።

«ታዲያ ብሰጥዎ ይቀምሷታል?» አልኩ ለመቀለድ።

ፊታቸው ጠበቀ። «በሁዳዴ? ሌላው ይብላ፣ አልፈርድም። እኔ ግን ዓሣን ከሥጋ አልለየውም። ነፍስ ካወቅሁ ወዲህ ሁዳዴን ገድፌ አላውቅም።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ አዛዡ መጣ። በአንድ እጁ ብልቃጤን፣ በሌላው ውኃ የሞላ የፕላስቲክ ኩባያ ይዟል። ነገሩን በአጭሩ ነገረኝ። ዱቄቱ የከተማውን ውኃ ለመመረዝ የተዘጋጀ ነው የሚል ጥቆማ አለ። ከሰዓት በኋላ ፒካፕ ወደ ጎንደር ይሄዳል። መርዝ ከሆነ እኔም ከነመዝገቤ እሄዳለሁ። ዱቄቱ ይመርመር ቢባል እንኳ፣ መልሱ እስኪመጣ እዚያው ጎንደር እታሰራለሁ።

በዚያ መዝገብ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

«ስጠኝና ልጠጣው» አልኩት።

«አንተማ ማርከሻ ውጠህበት ይሆናል።» ዱቄቱን ኩባያው ውስጥ ጨመረና በጣቱ ወደ ሳሉጉ ጠቆመ። «አንተ! ና ጠጣ።»

ሳሉጉ አልተነሣም። «ጌታዬ፣ እኔ እናት አለችኝ» አለ። እኔን አየ፤ ዓይኔን መሸሽ አልቻልኩም። መርዝ እንዳልሆነ በነፍሴ እምላለሁ፤ ለእሱ ግን ከትናንት በፊት የማያውቀኝ ሰው ነኝ። ሰውን እንደ ውሻ ማስቀመስ ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ። መሬቱ ቢከፈት ካርቱም እስክወጣ እገባበት ነበር።

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

«ተወው ልጁን» አሉ አዛዡን። «ቤት ውስጥ ታላቅ እያለ ታናሽ አያሳልፍም። አምጣ።»

«አባቴ፣ ጾምዎ…» አልኩ።

«አንተ ዝም በል። አንድ ቀን እንኳ ዝም በል።»

ኩባያውን ተቀበሉ። አማተቡ። ነጠላቸውን አደግድገው፣ ድግስ ቤት እንደቆመ አሳላፊ፣ ከኩባያው ግራ መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉና ጠጡት። ፊታቸው ተጨማደደ።

«ጠረኑስ የኃጢአት ነው» አሉ። ከዚያ ቀሪውን ኩባያ በሁለት እጃቸው ይዘው ለአዛዡ ዘረጉለት። «እንካ፣ ልጄ። ተቀምሷል።»

አዛዡ በሁለት እጁ ተቀበላቸው፤ ራሱንም ዝቅ አደረገ። ያስተማረችው እናቱ ትሁን አባቱ አላውቅም። እጆቹ ካደረጉት በኋላ ነው እሱ ራሱ የነቃው። ኩባያውን ግን አልጠጣም። ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው፣ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እናያለን» አለና ወጣ።

ሽማግሌው ጆንያቸው ላይ ጋደም አሉ። እኛ ዙሪያቸውን ተቀመጥን። ስድስት ሰዓት ላይ ዓይናቸው ተከደነ። ሳሉጉ ተንፏቆ ሄዶ አፍንጫቸው ላይ እጁን አቀረበ።

«አልሞትኩም» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «እጅህ መምጣቱ ካልቀረ ዝንቡን እሽ በልልኝ።»

ሳሉጉ ሳቀ፤ ወዲያውም አለቀሰ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዛዡ በሩን ከፈተ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ዘጋው። የፒካፑ ሞተር ሲነሣ ሰማን። ድምፁ እየራቀ ሄደ። እኔ አልተጠራሁም።

ከአምስት ቀን በኋላ ሳሉጉንና እኔን በአንድ ላይ ፈቱን። እርሳቸውን የለቀቋቸው ከፋሲካ በኋላ ነው። ብልቃጤ አልተመለሰልኝም። ምናልባት አንድ ወታደር ዛሬም ሳያረጅ ይኖራል።

በቀጣዩ ዓመት አብርሃ ጅራ ድረስ ሄጄ አገኘኋቸው። ትራክተራቸው ሥር ተንበርክከው ማረሻ እያጠበቁ ነበር።

«ዝገቱ እንዴት ነው?» አልኩ።

«አሳላፊዋን ሳታመጣልኝ መጣህ?» ብለው አቀፉኝ።

ስለ ጾሙ ጠየቅኋቸው። ለንስሐ አባታቸው ተናግረዋል፤ ሰባት ቀን ጾም ተሰጥቷቸዋል። ሦስቱን ጨርሰዋል። ከዚያ ወባ ጣላቸውና አራቱ ቀሩ።

«አራቱን ለእኔ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«አንተ? አንተ እኮ ዓርብን እንኳ አትጾምም።»

«ስለዚህ ነው የምለምንዎ።»

ንስሐ አባታቸውን ሳያስፈቅዱ አይሆንም አሉ። ቄሱም ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ይሁን አሉ።

ሥራዬን አልተውኩም። አዲስ ብልቃጥ ሞልቻለሁ። ዱቄቱን በውኃ በጥብጬ ለእንግዳ ሳቀርብ መጀመሪያ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እቀምሳለሁ፤ ተማሪዎቼ የላቦራቶሪ ደንብ ይመስላቸዋል። ሳወራ ሁሉን ነገር በዐሥር እንደማበዛ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። አራቱን ቀን ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳልቀምስ ጾሜያለሁ። አራት ናቸው። አልጨመርኩባቸውም።