የመሰላሉ ባለቤት

ላሊበላ በሚሠራው የእንግዳ ማረፊያ ድንጋይ ተሸክሜ ስወጣ መሰላሉ ተሰብሮ እግሬ ተሰበረ፤ ተቋራጩ በማግስቱ አባረረኝ። ግንባታውን የሚያሠራው መሥሪያ ቤት ደግሞ «የተቋራጩ ሰው ነህ፣ አናውቅህም» አለኝ። ይኸው ሦስት ዓመቴ። በአንካሳ እግር አይታረስም። ዘንድሮ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ ለዚያው መሥሪያ ቤት ማመልከቻዬን በእጄ ጻፍኩ። የምለምነው የዘበኝነት ሥራ ነው።

ከብልባላ

በግንቦት፣ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ከቤቴ ወደ ላሊበላ ወጣሁ። ስንቄ የገብስ ቆሎ፣ ምርኩዜ ያው የተሰበረው መሰላል ቋሚ። የጣለኝ ይደግፈኝ ብዬ በተባረርኩ ቀን ይዤው የሄድኩ ነኝ።

አቶ ይመር የሚባሉ የቆላ ጨው ነጋዴ ሦስት አህያ እየነዱ ደረሱብኝ።

«አንተ ሰው፣ አንዷ ላይ ልጫንህ?»

«ጨው አይደለሁም» አልኳቸው።

«አይደለህማ፤ ጨው እንዲህ አይመርም!»

ሳልወድ ሳቅሁ። ተጫንኩም፤ እየሄድን የደረሰብኝን ሁሉ ነገርኳቸው።

ወንዙ ላይ

ስንሻገር ምርኩዜን ለመያዣ የጠቀለልኩበት ጠፍር ረጥቦ ወለቀ። ከሥሩ ቀይ ቀለም ወጣ። ስጠቀልለው ማንበብ አላውቅም ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ ለቀምኩት፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ቀጥሎ «ንብረት፣ ቁጥር 7»።

«ምን ይላል?» አሉ አቶ ይመር።

«መሰላሉ የተቋራጩ አይደለም ይላል።»

«ሱብሃነላህ! ምስክርህን ሦስት ዓመት ስትደገፈው ኖረሃላ!»

ላሊበላ

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ማመልከቻዬን አንብበው ሳይጨርሱ «የቀጠረህ ተቋራጩ ነው» አሉ።

«ጓድ፣ እኔን ባያውቁኝ ይህን ያውቁታል» ብዬ ምርኩዜን ጠረጴዛቸው ላይ አጋደምኩት።

የንብረት ክፍሏን ሴትዮ ጠሩ። መዝገቧን ገልጣ ጮክ ብላ አነበበች፤ «መሰላል ቁጥር 7፣ በስብሶ የተወገደ። ለተቋራጩ በውሰት የተሰጠ።»

«የበሰበሰ ያዋሳችሁ እናንተ፣ የተሰበርኩት እኔ» አልኩ። «ታዲያ ተቋራጩን መሐላችን ማን ጠራው?»

ሴትዮዋን ሳቅ አመለጣት። ኃላፊው አልሳቁም። ተነሥተው ከእኔ ጋር ወደ ግንባታው ወጡ፤ ሠራተኞቹ የቆሙባቸውን መሰላሎች በእጃቸው እየነቀነቁ ሁለቱን አስወረዱ። ከዚያ በማመልከቻዬ ግርጌ «በተቋራጭ ቢቀጠርም በእኛ ሥራ ላይ የተጎዳ ነው፤ ይቀጠር» ብለው ጻፉ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሰው አላምንም።

ወደ ቤት

ስመለስ በአሥር ሳንቲም አንድ ጣሳ ጠላ ጠጣሁ፤ ቁልቁለቱን እያንጎራጎርኩ ወረድኩት። ወንድሜ ደጅ ሲያየኝ «ሰክረሃል?» አለ። ወረቀቱን ራሴ አነበብኩለት። ከጉዞው ያገኘሁት ትምህርት ይህ ነው፤ መሥሪያ ቤት ሰውን ይክዳል፣ ዕቃውን ግን መዝግቦ ያስቀምጣል።

የቅጥር ደብዳቤዬ በስሜ ወጥቶ የተረከብኩት ሰኔ 3 ቀን 1974 ዓ.ም. ነው።