ሽማግሌዎቹ ያላሉት መስመር

የያዙኝ ከኮሌጁ መመገቢያ አዳራሽ በር ላይ ነው። ምሳዬን እንኳ አልጨረስኩም። ሁለት ሆነው መጡና አንደኛው "ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ" አለኝ። በደርግ ዘመን ለአምስት ደቂቃ ለተፈለገ ሰው ብርድ ልብስ እንደሚላክለት የማያውቅ የሐዋሳ ሰው አልነበረም።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም፤ ከጣራው ሥር አንድ ስንዝር የምትሆን ክፍተት ብቻ አለችው። ሃያ ሁለት ሰዎች ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። የሐይቁ ነፋስ ሲነሳ የአሞራ ገደልን የዓሣ ገበያ ሽታ ይዞብን ይገባል። ቆርቆሮው ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ግዙፍ ወፎች ሲራመዱ ቦት ጫማ ያደረገ ዘበኛ ይመስሉ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ኮቴያቸውን በሰማሁ ቁጥር ወደ በሩ አይ ነበር፤ ኋላ ግን ወፎቹን መሳደብ ጀመርኩ።

ጥፋቴ አንድ ወረቀት ነው። ለተግባር ልምምድ የወጣንበት የሲዳማ ቀበሌ ከመንግሥት የወርቅ ማውጫ በታች ነበር። ከወርቅ ማጠቢያው የሚወርደው ዝቃጭ ወንዛቸውን አበላሽቶት ላሞቹ ይጨነግፋሉ፣ የሕፃናቱ ቆዳ ይቆስላል። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ሲመክሩ ዋሉና አቤቱታ ጻፉልን አሉን። "ከብቶቻችን አለቁ፤ ዝቃጩ ከወንዛችን ይዙርልን።" ቃላቸው ይኸው ነበር፤ እኔም ጻፍኩት። በንጹሕ ወረቀት ስገለብጠው ግን አላስችል አለኝና ከሥሩ "ይህ ካልሆነ ማውጫው ይዘጋ፤ መኪናም በመሬታችን አናሳልፍም" የሚል መስመር ጨመርኩ። እሱን ሳላነብላቸው በጣታቸው አስፈረምኳቸው። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ሕዝብ የምመራ ይመስለኝ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። "ከፈረሙት ሽማግሌዎች ትልቁን አምጥተነዋል" አለኝ። "ነገ 'መስመሩ የእኛ ቃል አይደለም' ብሎ ይፈርማል፣ ወደ ቤቱም ይሄዳል። አንተ ግን የት እንደምትሄድ ታውቃለህ። ወይ ደግሞ ቅደመውና 'እነሱ ናቸው ያጻፉኝ' በል። እሱ ይቀራል፤ አንተ ትምህርትህን ትቀጥላለህ። እስከ ነገ አስብበት።"

እውነቱን ልናገርና፣ አሰብኩበት። ወደ ክፍሌ ስመለስ ልፈርም ምንም አልቀረኝም ነበር።

በሩ ሲከፈት ሽማግሌው እዚያው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሌላው ክፍል ሞልቶ ይሁን በዘበኛ ስንፍና፣ ምስክሩንና ተከሳሹን አንድ ላይ አጎሩን። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

"አባቴ፣ እርስዎንም አመጡዎት?"

"አመጡኝ። ተቀመጥ ልጄ።" አማርኛቸው የተሰባበረ ነበር። "ያላልነውን ጽፏል ይላሉ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው" አልኩ።

አልተቆጡም። ከጎናቸው ወደነበረው ወንጌላዊ ዞረው በሲዳምኛ ተናገሩት። ቤተ ክርስቲያኑ ከተዘጋ በኋላ የታሰረ ዝምተኛ ሰው ነው። "ሸንጎ ይሁን ይላሉ" አለን። "በእኛ ዘንድ ሰው በሌለበት በሰው ላይ አይመሰከርም። ነገሩ ሁሉም ጆሮ ውስጥ መግባት አለበት።"

ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል። ተጠጋግተን እንደምንም ክብ ሠራን። ሽማግሌው ቀና ብለው "አፊኒ?" አሉ። ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። በየተራ "ሰማን" አልን፤ የመጨረሻው ሰው እስኪመልስ ጠበቁ። ከዚያ መስመሩን እንድናገር አዘዙኝ። በቃሌ አልኩት፤ ወንጌላዊው ተረጎመላቸው።

"ለምን ደበቅከን?"

"እንዳትፈሩ ብዬ ነው፣ አባቴ።"

"ፈሪ አደረግኸን በለኛ!" ሳቁ፤ ክፍሉም አብሮ ሳቀ። "ይህን ሁሉ ላም የቀበርኩ ሰውዬ መስመር ልፈራ?" ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ። "በድለኸናል። ሳትጠይቅ በአፋችን ተናገርክ።"

ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ተነሥቼ ይቅርታ ጠየቅኩ። ተቀበሉኝ። ቀጥሎ የተናገሩትን ወንጌላዊው ቃል በቃል ነገረን።

"ሀላሌ አለ፤ እውነት አለ። በእሱ ላይ የዋሸ ዘሩ አይበረክትም። ስለዚህ ለዚህ ልጅ ብዬ አልዋሽም። ትናንት ቢጠይቁኝ ቃሌ አይደለም እል ነበር። ዛሬ ሰማሁት፤ መዘንኩት፤ ልክ ነው። የሌሎቹን ሽማግሌዎች ሐሳብ አላውቅም። ከአሁን ጀምሮ ግን የእኔ ቃል ነው። አፊኒ?"

"ሰማን!" ብለን ጮኽን። ዘበኛው በሩን በሰደፍ መታው።

በማግስቱ ጠዋት ሁለታችንንም ጠሩን። መርማሪው የተዘጋጀውን የክህደት ወረቀት አንብቦ ቀለሙን ወደ ሽማግሌው ገፋ አደረገው። አውራ ጣታቸውን ነከሩ። ያን ጊዜ ሊክዱኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

"የፊተኛው ወረቀት የታለ?" አሉ።

መርማሪው ሊያመሳክሩ መስሎት አቤቱታውን ዘረጋላቸው። ወደ እኔ ዞሩ፤ "መስመሯ የትኛዋ ናት?" በጣቴ አሳየኋቸው። አውራ ጣታቸውን እላይዋ ላይ አሳረፉና ጫን አደረጉ።

"ትናንት አላልኩም ነበር" አሉ በአማርኛ። "ዛሬ ብያለሁ።"

መርማሪው በጥፊ መታቸው። ባርኔጣቸው ወደቀ። አነሣሁት፣ አቧራውን አራግፌ በሁለት እጄ ራሳቸው ላይ አደረግኩላቸው።

"አንተስ?" አለኝ መርማሪው።

"የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸውም ሰምተው ተቀብለውታል። ሌላ የምፈርመው የለኝም" አልኩ።

እኔ ሦስት ዓመት ታሰርኩ። እሳቸው በስምንተኛው ወር ታመው ሐኪም ቤት ተወሰዱ፤ አልተመለሱም። ስፈታ እናቴ ቤት ሳልገባ ወደ ቀበሌያቸው ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ዘንድ ቀርቤ ያደረግኩትንም እሳቸው ያደረጉትንም ምንም ሳላስቀር ተናገርኩ። ልጃቸው እዚያ ነበር። ይገድለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ተነሥቶ ወረቀት አመጣና ፊቴ አስቀመጠው።

"እንደገና ጻፍ" አለኝ። "አሁን ግን እያነበብክልን።"

ደርግ ገና እንዳለ ነበር፤ ጻፍኩ። ማውጫው አልተዘጋም። ዛሬ ጡረተኛ ነኝ፤ ሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው የምኖረው። የዚያ ቀበሌ ሰዎች ልጆቻቸው ሁሉ ማንበብና መጻፍ ችለው እንኳ አንዳንዴ ወረቀት ይዘው ይመጡብኛል። መነጽሬን አደርጋለሁ፤ አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ አነብላቸዋለሁ፤ ሰማን እስኪሉኝ ብዕሬን አንሥቼ እጠብቃለሁ።