ጠርቼ ያልተቀበልኳት ልጅ

ይህ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጳጉሜን፣ ቅዳሜ ቀን ነው። እስካሁን የማልረሳው በዚያን ቀን ከድንጋጤዬ ይልቅ ኀፍረቴ ስለበለጠ ነው። ደግሞም ያ ቀን ባይኖር ኖሮ ቤታችን ዛሬ የሚገባው ሰው ባልገባ ነበር።

ሥራዬ የውጭ አገር ተማሪዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲማሩ የሚደረገውን ጥረት ማስተባበር ነው። ቀደም ሲል እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለብቻው ይሮጥ ነበር። አንዱ ማስታወቂያ ያወጣና ማደሪያ ያጣል፤ ሌላው ማደሪያ ይዞ የሚመጣለት ተማሪ የለም። እኛ አንድ ቅጽና አንድ የጊዜ ሰሌዳ ይኑረን ብለን ሁሉንም ሰበሰብን። ዓመቱን ሙሉ ስብሰባ ነበር። በመጨረሻ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መምጫቸው ሲደርስ ለእያንዳንዳቸው የእንኳን ደህና መጣችሁ ደብዳቤ ጽፌ ፈረምኩ። ከፊርማዬ ሥር የእጅ ስልኬን ቁጥር አስገባሁ። እውነቱን ለመናገር ማንም ይደውላል ብዬ አልነበረም፤ ደብዳቤው እንዲያምር ነው።

በዚያ ቅዳሜ ባለቤቴ እናቷን ልትጠይቅ ሆሳዕና ሄዳ ነበር። አያት ኮንዶሚኒየም ያለው ቤታችን ውስጥ የቀረነው እኔና የአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጄ ማህሌት ነን። ማህሌት ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ጋር እንጦጦ ልትወጣ በጠዋት ተነሳች። በስስ ሹራብ ልትወጣ ስትል አየኋት።

"ጃኬት ልበሺ፣ እዚያ ላይ ይዘንባል" አልኳት።

"አባዬ ፕሊስ፣ ሕፃን አይደለሁም እኮ!"

እኔም ተቆጣሁ፣ እሷም በሩን ድርግም አድርጋ ወጣች።

ሰባት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩን አላውቀውም። የትልቅ ሴት ድምፅ ነው።

"አቶ ታደሰ ነዎት?"

"አዎ፣ ነኝ።"

"ልጅዎ እኔ ጋ ናት። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት። በስብሳ፣ እያለቀሰች ነው ያገኘኋት። ቶሎ ይምጡላት።"

"ምን ሆነች?" ብዬ ስጮህ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ስልኩ ተዘግቷል። ማህሌት ጋ ደወልኩ፤ የእሷም አይሰራም።

መኪናዬን እንዴት እንዳስነሳሁ አላውቅም። ከአያት እስከ መገናኛ ያለው መንገድ እንደዚያን ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ወድቃ ይሆን? መኪና ገጭቷት ይሆን? ለእናቷ ምን ብዬ እነግራታለሁ? "ጌታ ሆይ፣ ልጄን ብቻ" እላለሁ፤ ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም። ፈረንሳይ ለጋሲዮንን አልፌ ዳገቱን ስጀምር ዝናቡ ወረደ። ባሕር ዛፉን ጉም ሸፍኖት ከፊት ያለው መኪና እንኳ በመብራቱ ነበር የሚታየኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አንዲት ነጠላ የተከናነቡ እናት በላስቲክ ጥላ ሥር ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። በኋላ እንዳወቅሁት ስማቸው ወይዘሮ ዘነበች ይባላል፤ በሩ ላይ ጧፍና ሻማ ይሸጣሉ። ከመኪናው ስወርድ "አቶ ታደሰ?" አሉኝና መልሴን ሳይጠብቁ ከአጥሩ ጥግ ወዳለችው አንድ ክፍል ቤታቸው መሩኝ።

"ማህሌትዬ!" እያልኩ ገባሁ።

ከሰል ምድጃው አጠገብ በጋቢ የተጠቀለለች ልጅ ቀና አለች። በሕይወቴ አይቻት አላውቅም።

ሁለት እጄን ወደ ላይ አንስቼ "ተመስገን! ይቺ እኮ የእኔ ልጅ አይደለችም!" አልኩ። በርጩማው ላይ ዘጭ አልኩ። እየሳቅሁ እንባዬ ይወርዳል።

ልጅቷ አማርኛ አትሰማም። ያየችው አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ፣ እሷን ሲያይ እጁን አንስቶ አምላኩን ሲያመሰግን ነው። ፈገግ አለችልኝ።

ወይዘሮ ዘነበች ግን ፈገግ አላሉም። ፌስታል ውስጥ በጥንቃቄ ያኖሩትን ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ።

"ዲያቆኑ ነው አንብቦ ስልክዎን ያገኘልኝ። የደወልኩትም በሱ ስልክ ነው፤ ባትሪው አልቆበት ተዘጋ። ጠርተው ያመጧት እርስዎ አይደሉም?"

ደብዳቤው የእኔ ነው። ፊርማውም የእኔ።

"ነኝ" አልኩ።

"ታዲያ እዚህ አገር የማን ልጅ ናት?"

በርጩማዬን ወደ ልጅቷ አስጠጋሁ።

ልጅቷ ቺኮንዲ ትባላለች። የመጣችው ከማላዊ ነው፤ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ። በእንግሊዝኛ ጠየቅኋት፣ ቀስ እያለች ነገረችኝ። በረራዋ በአንድ ቀን ቀድሞባታል። ይህንንም በኢሜይል አሳውቃለች፤ ያነበበላት የለም። ኤርፖርት ሦስት ሰዓት ሙሉ ስሟ የተጻፈበት ወረቀት የያዘ ሰው ስትፈልግ ቆየች። ሲጨንቃት ታክሲ ያዘች። የእንግዳ ማረፊያዋ አድራሻ "ኪዳነ ምሕረት አካባቢ" ይላል። ሾፌሩ ኪዳነ ምሕረት ሲባል እንጦጦን ልትጎበኝ የመጣች እንግዳ መስላው ሻንጣዋን አውርዶላት ተመለሰ። ወይዘሮ ዘነበች ሲያገኟት ከነሻንጣዋ ባሕር ዛፍ ተጠግታ ትንቀጠቀጥ ነበር።

ወጣ ብዬ ወደምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ተጠሪ ደወልኩ። "እኛ እኮ እናንተ ትቀበሏታላችሁ ብለን ነው" አለኝ። እኔ ደግሞ እነሱ ይቀበሏታል ብዬ ነበር። የተማሪዎቹ ዝርዝር ላይ "ተቀባይ" በሚለው ዓምድ ሥር "በጋራ" ተብሎ ተጽፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ስመለስ ቺኮንዲ ፊቷን ጠራርጋ ጠበቀችኝ። "እባክዎ ወደ አገሬ መልሱኝ" አለችኝ። "ከትምህርት ቤቴ ስድስት ልጆች የእናንተን ቅጽ ሞልተዋል። ምን እንደገጠመኝ እስክነግራቸው ነው የሚጠብቁት። ምን ልበላቸው?"

ይህ ጥያቄ በዓመቱ ስብሰባ ሁሉ አልተነሳም።

"ምን ትላለች?" አሉኝ ወይዘሮ ዘነበች።

"አገሬ መልሱኝ ነው የምትለው።"

"መሄዱን ትሂድ። መጀመሪያ ግን ትብላ።"

የተቀቀለ ድንች በሳህን አቀረቡ፣ ጠርዙ ላይ ሚጥሚጣ አለ። ቺኮንዲ ጨው መስሏት ይሁን እንጃ ድንቹን ደህና አድርጋ ነከረችው። ዓይኗ ፈጠጠ፣ ሳል ያዛት። ወይዘሮ ዘነበች "ወይኔ ልጄን!" ብለው ውኃ እየሰጧት ሳቃቸው አመለጣቸው። እሷም እየሳለች መሳቅ ጀመረች። ከዚያ ሦስታችንም ሳቅን።

በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ። ማህሌት ናት።

"አባዬ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ደውለሃል! ምን ሆነህ ነው? ኔትወርክ የለም እኮ እዚህ።"

የት እንዳለሁ ነገርኳት። ከጓደኞቿ ተለይታ ስትመጣ እሷም ውኃ ሆናለች፤ ስለ ጃኬቱ ግን ቃል አልተነፈስኩም፣ እቅፍ አደረግኋት። ከዚያ እሷና ቺኮንዲ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው በእንግሊዝኛ ማውራት ያዙ። የምን ትምህርት ልትማሪ ነው፣ ወንድም አለሽ፣ ፀጉርሽን ማን ሠራሽ እየተባባሉ። እኔ በደብዳቤዬ ያልነገርኳትን ሁሉ ማህሌት በግማሽ ሰዓት ነገረቻት።

ልንሄድ ስንል ቺኮንዲ ጋቢውን ልታወልቅ ሞከረች። ወይዘሮ ዘነበች እጇን ያዙ። "ይዛው ትሂድ። መልሳ ታመጣዋለች።" ይህን ስተረጉምላት ጋቢውን መልሳ ደረበችው። አገሬ መልሱኝ የሚለውን ከዚያ በኋላ አልደገመችውም።

የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ እስኪከፈት ድረስ በእንግዳ ማረፊያው ፋንታ እኛ ቤት ከማህሌት ጋር ከረመች። እንቁጣጣሽም እኛው ጋ ዋለች። ለጓደኞቿ የደረሰባትን ክፉውንም ደጉንም ሳታስቀር ጻፈችላቸው። በዓመቱ ከስድስቱ አራቱ መጡ። እኔም ከዚያ ቅዳሜ ቀጥሎ በነበረው ሰኞ ቢሮ ስገባ ያንን ዝርዝር ቁጭ ብዬ አስተካከልኩ፤ በእያንዳንዱ ተማሪ ፊት የአንድ ሰው ስም ጻፍኩ። አዲስ ተማሪ በሚገባበት ቀን እኔ ራሴ ኤርፖርት እቆማለሁ።

ቺኮንዲ አሁን ሦስተኛ ዓመቷን ጀምራለች። ጋቢውን መልሳለች፣ እንጦጦ መመላለሱን ግን አልተወችም፤ ወይዘሮ ዘነበች ጉንፋን ሲይዛቸው ከእኛ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። እሁድ እሁድ እኛ ቤት ትበላለች። እንግዳ ባለ ቁጥር ታዲያ አንድ ታሪክ አላት። "አቶ ታደሰ ሲያገኙኝ እኮ እጃቸውን አንስተው አለቀሱ፤ ያን ጊዜ ነው ይህ አገር ይቀበለኛል ያልኩት" ትላለች። እኔ ሳህኔን አያለሁ። እውነቱን የነገርኳት ማህሌት በጠረጴዛው ሥር ትረግጠኛለች።

ሁለት ዓመት ሙሉ እውነቱን ልነግራት አልቻልኩም። አሁን አማርኛ አቀላጥፋ ታነባለች፤ ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት። ቺኮንዲዬ፣ በዚያን ቀን ያመሰገንኩት አንቺን ስላገኘሁ አልነበረም። አፍራለሁ። እሁድ ስትመጪ የፈለግሽውን ያህል ተቆጪኝ፤ ብቻ እንዳትቀሪ።