ሁለት ዓይን ያለው ቀጥቃጭ

ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ነው። ወደ ቁሓ በሚያወጣው መንገድ ዳር የነበረውን ሰፈራችንን መቀሌ «የቡዳ ሰፈር» ይለው ነበር። ሸማኔዎቹ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ፣ ከወሎ የመጣው ቀጥቃጩ አባቴም የምንኖረው እዚያ ነው። የከተማው ሰዎች ማረሻና ቢላዋ ሲፈልጉ ይመጣሉ፤ ልጅ ያዘለችው ግን የልጇን ፊት በነጠላ ሸፍና ነው። እናቴ ታዲያ «ልጅሽን ምን ልናደርገው፣ የራሳችን መች አነሰን!» ትላቸው ነበር።

አንድ ሰዓሊ ለቤተ ክርስቲያን ስቅለት እንዲስል ታዞ መጣና እኛ ግቢ ተቀመጠ። ሌላ ቦታ ቤት አጥቶ እንጂ ወዶን አይደለም። ግን ሥዕሉ እኮ የሰፈሩ ሥዕል ነበር! ጨርቁን ሸማኔዎቹ ሠሩለት፤ ቀዩን አፈር ሸክላ ሠሪዎቹ አመጡለት፤ ጥቁሩን እኔ ራሴ ከአባቴ ከሰል ወቀጥኩለት። ኩራቴን አትጠይቁኝ።

አንድ ቀን ከመስቀሉ ግርጌ ምስማር የሚቀጠቅጥ ሰው ተነድፎ አየሁ። የአባቴ ወናፍ፣ የአባቴ ጢም። ፊቱ ግን በጎን ነው፤ ዓይኑም አንድ ብቻ። ደሜ ፈላ። በሥዕል ወግ ጻድቅ ሰው ሁለት ዓይን ይሳልለታል፤ ክፉ ሰው በጎን ይሳልና አንድ ዓይን ይቀርለታል። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሸማኔዎቹ «ወይ ሁለት ዓይን፣ ወይ ጨርቃችንን!» አሉ። ሰዓሊው አመዱ ቡን አለ።

«ነገ የደብሩ አለቃ ሊያዩት ይመጣሉ። ደንብ ከጣስኩ ያባርሩኛል፤ እንጀራዬ ነው» አለ።

«የኛስ?» አለች እናቴ።

አባቴ ወናፉን አስቀምጦ ተነሣ። «እንዲህ ሆኖ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ፣ ያንን ደጅ ዳግመኛ አልረግጥም» አለ። አባቴ ቃሉን አያጥፍም። ፈራሁ።

በማግሥቱ አለቃው መጡ። ሰዓሊው የቀጥቃጩን ፊት ወደ እኛ አዙሮ ሁለተኛውን ዓይን ጨምሮለታል። አለቃው ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩ።

«ይህ ምስማሩን የሠራው አይደለም እንዴ? ሁለት ዓይን ማን ሰጠው?»

ሰዓሊው ወደ እኛ ዞረ። ሁላችንም «አደይ»፣ እናታችን፣ የምንላት አሮጊት ሸክላ ሠሪ ወጣ አለችና፣ «አባ፣ ምስማር ሥራ አሉት፣ ሠራ። ማን እንደሚቸነከርበት መች ነገሩት?» አለች።

አለቃው ቀና ብለው አባቴን ትክ ብለው አዩት። «ይለጠፍ» ብለው ሄዱ። እናቴ እልል ስትል እኔ አለቀስኩ።

በበዓሉ ዕለት፣ ሁልጊዜ ደጅ ቆሞ የሚያስቀድሰው አባቴ ወደ ውስጥ ገባ። አንዲት ሴት ልጇን ከፍ አድርጋ ሥዕሉን አሳለመችው፤ የልጁ ከንፈር ያረፈው ቀጥቃጩ ፊት ላይ ነበር። ዞር ስትል አባቴን አየችው። ነጠላዋን ስባ የልጁን ፊት ሸፈነች።

ስድቡ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አባቴ ትከሻዬን ያዝ አደረገና «ልጄ፣ ተያት» አለኝ። ቅዳሴው እስኪያልቅ እዚያው ሥዕሉ ሥር ቆመ።